እጃችሁን አውጡ፣ ይላል ባሌ

ባሌ ማርሱዲ፣ የኮሌጁ የምህንድስና አስተማሪ፣ በየዓመቱ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ያንኑ ምክር ይመክራል። እኔም በየዓመቱ ከአዳራሹ ጀርባ የሻይ ትሪ ይዤ ያንኑ ምክር እሰማለሁ፤ በየዓመቱም ደሜ ይፈላል። ምክሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም በዚያ ግቢ ከሚነገረው ሁሉ እንደሱ ያለ ቁም ነገር አልሰማሁም። ችግሩ መካሪውን ማወቄ ነው። አግብቼዋለኋ!

«ልጆች፣» ይላል እንደ ጃቫዋ የሶሎ ከተማ ሰዎች በለሰለሰ ድምፁ፣ «ኮሌጅ እንደ ሁለተኛ ደረጃ አይደለም። እዚህ ማንም እጃችሁን ይዞ አያሻግራችሁም። ያልገባችሁን ጠይቁ። እጃችሁን አውጡ። ሳይገባችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ። ከታመማችሁ ለሰው ንገሩ። የመረጣችሁት ትምህርት እንዳልሆነላችሁ ካወቃችሁም ሳይረፍድ ተናገሩ። ድልድይ በአንድ ቀን አይወድቅም፤ መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል፣ ያቺን ያየ ሰው ዝም ሲል ነው የሚወድቀው። የቢሮዬ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው።»

ከዚያ ፈገግ ይልና «ጥያቄ ያለው?» ብሎ ይጠይቃል። አዳራሹ ጭጭ። «ገባችሁ?» ሲላቸው ያ ሁሉ ልጅ ራሱን ይነቀንቃል። ማርሱዲም ደስ ብሎት ይወርዳል። እኔ ሻዬን አድዬ እየተነጫነጭኩ ወደ ምግብ ቤቴ እመለሳለሁ።

ደግሞ እንዴት ብለው ይጠይቁ? ከዚህ ንግግር በፊት ሦስት ቀን ሙሉ ነባሮቹ ተማሪዎች ሲያንበረክኳቸው ይሰነብታሉ። ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ኳስ እንደ ቆብ ያስደፏቸዋል፣ ስማቸውን በካርቶን ጽፈው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉባቸዋል፣ ፀሐይ ላይ አሰልፈው ይጮሁባቸዋል። «የመጀመሪያው ሕግ! ነባር ተማሪ አይሳሳትም! ሁለተኛው ሕግ! ነባር ተማሪ ከተሳሳተ የመጀመሪያውን ሕግ ተመልከት! ገባችሁ?» ልጆቹም «አዎ፣ ካክ!» ይላሉ። ካክ ማለት እንግዲህ ታላቄ ማለት ነው፤ አንድ ዓመት የሚበልጥህም እዚህ ታላቅህ ነው። ሦስት ቀን አንገታቸውን ሲያስደፏቸው ሰንብተው በአራተኛው ቀን የኔ ባል ይመጣና «ጠይቁ» ይላል። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ!

አንድ ዓመት «ለምን ይህን ነገር አስቁሙ አትላቸውም?» አልኩት።

«ተናግሬያለሁ እኮ።»

«ለማን?»

«ለዝግጅቱ ሰብሳቢ።»

«ምን ብለህ?»

«ልጆቹ ትንሽ ሞቋቸዋል መሰለኝ አልኩት።»

ወይ ነዶ! ሰብሳቢውም ገባኝ ብሎ ራሱን ነቅንቆ ከኔው ቤት የበረዶ ሻይ አዘዘላቸው። ጩኸቱ ቀጠለ፤ እኔም ከሰዓቱን በሙሉ ብርጭቆ ሳጥብ ዋልኩ።

ምግብ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር ያለች ቆርቆሮ ቤት ናት። ሶቶ እሸጣለሁ፣ ሩዝ ላይ የሚፈስ የዶሮ ሾርባ ነው፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ጥብስ ቴምፔ አለኝ፣ ሻይ አለኝ። በዚያ ግቢ የሚባለው ሁሉ የሚባለው እኔ ጋ ነው። የባሌን ንግግር ልጆቹ ሁሉ በቃላቸው ይወጡታል። በቀደም አንዱ ቀጫጫ ልጅ ሳህኑን ይዞ መጣና ድምፁን እንደ ማርሱዲ አለስልሶ፣ «ቡ ዴሊና፣ ድልድይ በአንድ ቀን አይወድቅም፤ አንድ ቴምፔ ካልጨመሩልኝ ግን እኔ ዛሬውኑ እወድቃለሁ!» አለኝ። ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ቡ ማለት እሜቴ ማለት ነው፤ ግቢው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

«አንተ ቀልደኛ፣» አልኩት፣ «በሩ ክፍት ነው ሲልህ ለምን አንድ ቀን አትገባም?»

«እኔ? ብቻዬን? ምን ብዬ ነው የምገባው፣ ቡ?»

«አልገባኝም በለዋ!»

«ኧረ ያሳፍራል!» አለና ቴምፔውን ጎርሶ ሄደ። በነጋታው ፈተና ወደቀ አሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

እኔ የሶሎ ሰው አይደለሁም። ከሱማትራ ነኝ፣ ከባታኮቹ አገር። እኛ ዘንድ ሰው የሚያስበውን ይናገራል፤ ጎረቤት ባይጠየቅም ይሰማል። ለትምህርት ብዬ ወደዚህ ስመጣ ሰዎቹ ሁሉ የሚንሾካሾኩ እየመሰለኝ «ማን ሞተ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ማርሱዲን ያኔ ነው ያወቅሁት። በየእሑዱ ሙዝ ይዞ እኔ ወደተከራየሁበት ቤት ይመጣል፣ ቁጭ ይላል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ይሄዳል። አንድ ዓመት ሙሉ! ሙዝ ስበላ ሰለቸኝ። በመጨረሻ አንገፈገፈኝና «ስማ፣ ልታገባኝ ነው ወይስ ሙዝ ልታለማምደኝ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። የትኛውን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ በአፉ አልነገረኝም።

እንዲህ ነው ሰውየው። ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም፤ እምቢ የሚባል ቃልማ እናቱም አላስተማረችው። ሌላው አስተማሪ የማይፈልገው ክፍለ ጊዜ ለሱ ነው። የመምሪያው የተሰበረ ወንበር እሱ ቢሮ ነው የሚገባው። ልብስ ሰፊው ሱሪውን አሳጥሮ ሰፍቶበት «ጥሩ ነው?» ቢለው ነቀነቀ፤ ይኸው ቁርጭምጭሚቱ እየታየ ድልድይ ያስተምራል። የጥርሱን ነገርማ ተዉት። አንድ ጊዜ መንጋጋው አሞት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ደክሞት ኖሮ ደህናውን ጥርስ ይዞ «ይኼ ነው?» አለው። የኔ ጉድ ነቀነቀ። ጉንጩ አብጦ፣ ደህናው ወልቆ፣ የታመመው እዚያው ቁጭ ብሎ ቤት መጣ።

«ለምን አይደለም አላልከውም?» ብዬ ጮህኩ።

«ጀምሮ ነበር፣» አለኝ በጥጥ መሐል። «ሰው ሥራ ከጀመረ በኋላ ማቋረጥ ደስ አይልም።»

እኔ በሳቅ ልሙት ወይስ በንዴት? ሁለቱንም ሞከርኩ። ግን ይኼ ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አባቱ ምባህ ዊርዮ፣ ምባህ አያት ማለት ነው፣ ቦዮላሊ በምትባል ገጠር ዕድሜያቸውን ሙሉ የወተት ላም ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ማርሱዲ በጎረምሳነቱ የመርከበኞች ትምህርት ቤት ተፈትኖ አልፎ ነበር። እሱ ለማንም ከመናገሩ በፊት አባቱ አንድ ቀን ምግብ ላይ «መሐንዲስ ትሆናለህ፣ አይደል ልጄ?» አሉት። እሱም «እንጊህ» አለ። እንጊህ የጃቫ ልጅ ለታላቁ የሚሰጠው አዎ ነው፤ አፍ ይለዋል፣ ልብ ያኔ የት እንዳለ አንድዬ ይወቀው። ባሕሩ በዚያው ቀረ። ቢሮው ግድግዳ ላይ ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደ የመርከብ ሥዕል አለ። ማን ሰቀለው ሲባል «ግድግዳው ተሰንጥቆ ነው፣ ለመሸፈኛ» ይላል።

ይህ ሁሉ የሱ ጣጣ ነው፤ ችዬ ኖሬያለሁ። ያልቻልኩት በልጄ የመጣውን ነው።

ልጃችን ፓሉፒ ቁርጥ አባቷን ናት። ከኔ የወሰደችው ፀጉሯን ብቻ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለዕረፍት ቦዮላሊ ስንወስዳት ከአያቷ በረት አትወጣም። ላሟ ጆሮዋን ጣል ስታደርግ አይታ «ምባህ፣ ይቺ አሟታል» ትላቸው ነበር፤ ሽማግሌውም ከማንም በፊት እሷን ነበር የሚያምኑት። የምትፈልገው የእንስሳት እርባታ መማር ነበር። ለኔ ነግራኛለች። ለአባቷ ልትነግረው ነበር፤ «ጥሩ ቀን እየፈለግኩ ነው፣ ኡማክ» ትለኛለች፤ ኡማክ በኔ አገር እናቴ ማለት ነው። ጥሩ ቀን እንግዲህ ሳይመጣ ዒድ ደረሰ።

በዒድ ቤተሰቡ ሁሉ ምባህ ዊርዮ ዘንድ ይሰበሰባል። ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተን ስንበላ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እበት የዛቅሁት ልጆቼ እንዳይዝቁ ብዬ ነው። ፓሉፒም እንደ አባቷ መሐንዲስ ትሆናለች። አይደል፣ ንዱክ?» ንዱክ ሴት ልጅን ሲያቆላምጡ ነው። አክስት አጎቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ልጄ አንገቷን ደፋች። «እንጊህ፣ ምባህ።»

«ቆይ እንጂ—» ብዬ አፌን ስከፍት ማርሱዲ ጉልበቴን ነካ አደረገኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አክስቶቿ ጭብጨባውን አቀለጡት፣ አጎቷ ዓሣውን ወደ እሷ አስጠጋላት፤ ያቺ ልጅ በዚያው መሐንዲስ ሆነች።

ከዚህ የባሰ አይመጣም ስል አባቷ በሚያስተምርበት ኮሌጅ ምህንድስና ገባች፣ የባሰውም መጣ። በዚህ ኮሌጅ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ መካሪ አስተማሪ ይመደብለታል። ውጤቱን የሚያየው እሱ ነው፣ የሚፈርመውም እሱ ነው። የመምሪያው ሰዎች ማርሱዲን «ፓሉፒ ልጅዎ ስለሆነች ለእርስዎ ብንሰጥዎት ደስ ይልዎታል ብለን ነው» አሉት። አባት ለልጁ መካሪ ሲሆን ልጅቱ ችግሯን ለማን ትናገር? ይህን እሱም ያውቃል። ቢያውቅስ? ነቀነቀ።

የመጀመሪያው መንፈቅ ካለቀ በኋላ ነው ነገሩን የሰማሁት። ፓሉፒ እኔ ጋ ሳህን እያጠበች ነበር። ዞር ብዬ ባያት እንባዋ አረፋው ላይ ይንጠባጠባል።

«ምን ሆንሽ?»

«ስታቲክስ ወደቅኩ፣ ኡማክ።»

ስታቲክስ ሕንፃ በምን ተደግፎ እንደሚቆም የሚሰላበት ትምህርት ነው። «አስተማሪውን ጠይቀሽው ነበር?» አልኳት።

«እንዴት ልጠይቅ? ሁሉም ገብቷቸዋል እኮ። ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።»

«አንቺስ ምን ታደርጊ ነበር?»

ሳህኑን ደጋግማ አሸችው። «እኔም እነቀንቃለሁ፣» አለች።

ፈጣሪዬ! አንድ ክፍል ሙሉ አንዱ ሌላውን እያየ ሲነቀንቅ ታየኝ። «ለአባትሽ ዛሬውኑ ትነግሪዋለሽ» አልኳት። «ያዝናል፣ ኡማክ። አንቺም እንዳትነግሪው፣ በሞቴ።» በሞቴ ስትለኝ ምን ላድርግ? ዝም አልኩ። እኔ! ዝም ማለት እንዴት እንደሚያቃጥል ያየሁት ያኔ ነው። በሁለተኛው መንፈቅ ደግሞ ባሰባት። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ሁለተኛው ዓመት እንደተጀመረ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ መካሪው ከፈረመላት ወደ እንስሳት እርባታ ክፍል መዛወር ትችላለች። ያ ሳምንት ካለፈ መዛወር የለም፤ በዚህ ውጤት ከቀጠለች ደግሞ ትባረራለች።

ሳምንቱ እየቀረበ ሲመጣ አላስችል አለኝ። ማርሱዲ ደጅ ላይ እርግቡን ጥሬ እየመገበ ነበር። «ልጅህን አንድ ቀን ስለ ትምህርቷ ለምን አትጠይቃትም?» አልኩት፤ ከዚያ በላይ አልተናገርኩም።

«አውቃለሁ፣» አለኝ ከእርግቡ ዓይኑን ሳይነቅል።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«መውደቋን። መካሪዋ አይደለሁ? ውጤቷ እኔ ጋ ነው የሚመጣው።»

ወገቤን ያዝኩ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ፈተና።»

«እና ዓመት ሙሉ ዝም አልካት?»

«ራሷ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነው። ቀድሜ ካነሳሁት ታፍራለች።»

«እሷ አንተ እንዳታዝን ብላ ዝም፣ አንተ እሷ እንዳታፍር ብለህ ዝም! ኧረ በሕግ አምላክ፣ እናንተ ሰዎች ልትገድሉኝ ነው!»

ትንሽ አሰበና «ጥሩ ልጅ ናት፣» አለኝ። «ስለኔ ተጨንቃ ነው።» ዓይኑ እርጥብ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ለማንም እንባ ቦታ አልነበረኝም።

«ማርሱዲ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!»

ራሱን ነቀነቀ። «አትነቅንቅብኝ!» ብዬ ስጮህ እርግቡ ደንግጦ ከቆጡ ወደቀ።

ያን ዕለት እራት ላይ የገባሁትን ቃል በላሁት። ይቅርታ፣ እናት ነኝ። ሳህኑን አስቀምጬ «እሱ መውደቅሽን ያውቃል! አንቺም መሐንዲስ መሆን አትፈልጊም! ሁለታችሁም አሁን እዚሁ ተነጋገሩ!» አልኩ። ሁለቱም እስከ ጆሯቸው ቀሉ። ማርሱዲ ውሃውን ጠጣና «በርበሬው ዛሬ ያቃጥላል፣» አለ። ፓሉፒ «አዎ፣ ባፓክ፣ ያቃጥላል፣» አለች። በቃ! ከዚያች ቀን በኋላማ የባሰ ተከባበሩ፤ በር ላይ ሲገናኙ አንተ ቅደም አንቺ ቅደሚ ሲባባሉ ነው። እኔ ጓዳ ገብቼ በንዴት አለቀስኩ።

ሳምንቱ ደረሰ። አዲስ ገቢዎቹ ኳሳቸውን ደፍተው መጡ፣ ተጮኸባቸው፣ ከዚያ አዳራሹ ሞላ። ፓሉፒ ሻይ ልታግዘኝ አጠገቤ ቆማ ነበር። ማርሱዲ ንግግሩን ጀመረ። «የመረጣችሁት ትምህርት እንዳልሆነላችሁ ካወቃችሁ...» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ፤ ከኋላ ያለነውን ተመለከተን። ከዚያ ቀጠለ። «ጥያቄ ያለው?»

ክርኔን በልጄ ጎን ሰደድኩ። «አውጪ እጅሽን!» አልኳት በሹክሹክታ፤ የኔ ሹክሹክታ እንግዲህ ፊተኛው ረድፍ ድረስ ይሰማል። ትሪዋን አጥብቃ ያዘች። «ገባችሁ?» አለ ማርሱዲ። ያ ሁሉ ኳስ ወደ ላይ ወደ ታች አለ። ልጄም ከነሱ ጋር ነቀነቀች። ተስፋዬን በዚያው ቆረጥኩ።

ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ነው። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ እንደ ልማዴ ሶቶውን ይዤ ማርሱዲ ቢሮ ሄድኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ እሱም ለማይመጣ ሰው ወንበር አስተካክሎ ተቀምጧል። ሳህኑን ከመደርደሪያው ጀርባ ሳስቀምጥ በሩ ተንኳኳ። የተከፈተ በር ማን ያንኳኳል? ቀና ብል ፓሉፒ ናት። እንደ ተማሪ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ፓክ፣ መግባት እችላለሁ?» አለች። አባቷን ቤት ውስጥ እንደምትጠራው ባፓክ አላለችም። ተማሪ ሁሉ አስተማሪውን እንደሚለው ፓክ አለችው።

ማርሱዲ ገርሞት አያት። አፌን ልከፍት ስል እጁን ከጠረጴዛው ሥር ወደኔ ዘርግቶ ቆይ የሚል ምልክት ሰጠኝ። «ግቢ። ተቀመጪ፣» አላት። «ስምሽ ማን ነው?»

«ፓሉፒ እባላለሁ፣ ፓክ። ሁለተኛ ዓመት ነኝ።»

«ምን ልርዳሽ?»

ልጄ ተነፈሰች። «አልገባኝም፣ ፓክ።»

«የቱ ነው ያልገባሽ?»

«ሁሉም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉም። ደግሞም...» አለችና ከደብተሯ ውስጥ የመዛወሪያውን ወረቀት አወጣች፤ «ደግሞም እንዲገባኝ አልፈለግኩም። መማር የምፈልገው ስለ ላሞች ነው። አባቴ እንዳያዝን ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልተናገርኩት።»

እኔ መደርደሪያውን ተደግፌ አፌን በእጄ ይዣለሁ። እንዲህ ዝም ብዬ አላውቅም። ማርሱዲ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «አባትሽ፣» አለ፣ «በዚህ በር ገብታ ያልገባትን የተናገረች የመጀመሪያዋ ተማሪ አንቺ በመሆንሽ የሚኮራ ይመስለኛል።» ወረቀቱን ተቀበላት። ብዕሩን አነሳ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው። «አባቴን ሳልነግር ከጀርባቸው ብፈርም ነውር ነው። መጀመሪያ ቦዮላሊ መሄድ አለብኝ።»

«ነገ የመጨረሻው ቀን ነው እኮ!» አልኩ፤ አመለጠኝ።

«ቡ፣» አለኝ ማርሱዲ፣ «ሶቶው ይቀዘቅዛል።» ተነስቶ ጃኬቱን ለበሰ።

ሦስታችንም አውቶቡስ ተሳፈርን። ማርሱዲ በመስኮቱ እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ንግግር እየተለማመደ ነው። እኔ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ አስምሎኛል። ምባህ ዊርዮ በደስታ ተቀበሉን፤ ምንጣፍ ተዘረጋ፣ ሻይ መጣ፣ የተቀቀለ ኦቾሎኒ መጣ። ከዚያ ወሬ ተጀመረ። ስለ ዝናቡ መዘግየት። ስለ ሣሩ መድረቅ። ስለ ጎረቤት ሠርግ። እንደገና ስለ ዝናቡ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ማርሱዲ ወሬው ወደ ልጁ በተጠጋ ቁጥር ሻዩን ፉት ይላል። እኔ ኦቾሎኒውን ከነቅርፊቱ ማኘክ ጀመርኩ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ስለ ሣር አውርተን ልንመለስ ነው!

ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው ያመጡት። «የንዱክ ምህንድስና መቼም ደህና እየሄደላት ነው፣» አሉ። «አይደል ልጄ?»

የባሌን ማጅራት አየሁት። ጎንበስ ማለት ጀመረ። ለሐኪሙ ጎንበስ ያለው፣ ለልብስ ሰፊው ጎንበስ ያለው ያው ማጅራት ነው። አለቀ አልኩ በልቤ። ልጄ እጄን ጨመቀችው።

ማጅራቱ ግን መሃል ላይ ቆመ።

ከጉልበቱ ላይ ቀኝ እጁ ተነሳ። ከትከሻው አለፈ። መዳፉ ተከፍቶ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ወደ ላይ ቆመ። ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ፣ ሱሪው ያጠረበት፣ አባቱ ምንጣፍ ላይ እጁን አወጣ።

«ምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው።

«መናገር ይፈቀድልኝ፣ ባፓክ።»

«ተናገር እንጂ!»

«ደህና አልሄደላትም። ወድቃለች። የምትወደው ላም ነው፣ ወደዚያ ልትዛወር ነው። እኔ ልፈርምላት ነው።» እጁን አላወረደም። «እኔም ያኔ የምወደው መርከብ ነበር። የመርከበኞቹን ፈተና አልፌ ነበር።»

ምባህ ዊርዮ ብርጭቆአቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «አልነገርከኝም፣» አሉ።

«አልነገርኩዎትም።»

«እኔ ደስ ብሎህ ነበር የመሰለኝ።» ድምፃቸው አነሰ። «ይህን ሁሉ ዘመን። ራስህን ነቅንቀህልኝ ነበር እኮ።»

  በባሌ ዝምታ የሚመጣውን ንዴት ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዬን የተሸከምኩት ይመስለኝ ነበር፤ ሽማግሌው ፊት ላይ ያየሁት ግን ከንዴት የሚከብድ ነገር ነበር። እጃቸውን መሬት ላይ ተደግፈው ተነሱ። ወደ በረቱ አቀኑ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ሳይሉ «ንዱክ!» ብለው ተጣሩ። «ባልዲውን ይዘሽ ነይ። ቡኒዋ ከትናንት ጀምሮ ጆሮዋን ጥላለች፣ እስቲ እያት።»

ፓሉፒ ነጭ ሸሚዟን ሳትቀይር ባልዲውን አንጠልጥላ ሮጠች።

እኔ ማርሱዲን ያዝኩት። «ምን ማለታቸው ነው? ፈቀዱ ወይስ አልፈቀዱም?»

ራሱን ነቀነቀ።

«በአፍህ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ከበረቱ ላሟ መለሰችልኝ። «እንደ ሰው በአፍህ ንገረኝ!»

«አዎ፣» አለ ማርሱዲ። «ፈቀዱ።» እንባው በጉንጩ ይወርዳል። እጁን ማውረድ ረስቶት ነበር፤ እኔው ነኝ ይዤ ያወረድኩለት።